እማማ ይታይሽና የሞንታርቦው ነገር

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከቢቸና ደውሎ «እማማ ይታይሽ አረፉ» ሲለኝ፣ «ማን ቤት?» አልኩት።

እውነቴን ነው። «መንገዱ ሰላም ሲሆን ሞጣ መጥቼ አይሻለሁ» ሲሉኝ ስለከረሙ፣ መጥተው ሌላ ሰው ቤት ያረፉ መስሎኝ ቅር ልሰኝ ነበር። ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስካሁንም ስልኬን እያየሁ «ተሳስቼ ነው» እንዲለኝ እጠብቃለሁ።

ለማታውቋቸው፦ እማማ ይታይሽ የቢቸናዋ ትንሿ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያናችን እናት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነው፣ ከኋላው የልጆች ክፍል አለ። ዝናብ ሲወርድ ስብከት አይሰማም። እማማ ሰባኪ አልነበሩም። ዘማሪም አልነበሩም፣ ድምፃቸውማ ይቅር ይበሉኝና ለብቻው ነበር የሚሄደው። የሳቸው አገልግሎት ከአምልኮ በፊት ሰፈሩን መዞር ነበር።

ልማዱ የመጣው በሞንታርቦው ምክንያት ነው።

አንድ ወንድም ሞንታርቦ ሰጠንና ወጣቶቹ በደስታ አበድን። አፉን ወደ መንገድ አዙረን ደጅ ላይ አቆምነው። አንድ ረቡዕ እልል እያልን ስንዘምር፣ ለካ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አያሌው፣ ወንድማቸውን ተረድተው ለቅሶ ተቀምጠዋል። በሰው ለቅሶ ላይ እልልታ! ቢቸና ውስጥ ከዚህ የባሰ ነውር አላውቅም።

ሰፈሩ ተቆጣ። ድሮም «ጴንጤዎቹ» እያለ በጎሪጥ የሚያየን አልጠፋም፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ወረደ። ልጆቻችንን ብቻቸውን መላክ ፈራን። ገሚሱ ለፖሊስ እናመልክት ይላል፣ ገሚሱ አዳራሹን ዘግተን በየቤታችን እንጸልይ ይላል።

እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሪጌታ ቤት ሄዱና ለቅሶ ተቀመጡ። ማንም አላናገራቸውም። በማግስቱም ሄዱ። ለቅሶው ሊነሳ ሲል መሪጌታ ራሳቸው «ለይታይሽ ምሳ አቅርቡላት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እማማ ሞንታርቦውን ወደ ውስጥ አዞሩት። ከአምልኮ በፊትም በየደጁ እየቆሙ «ዛሬ ሰፈሩ እንዴት አደረ? የታመመ አለ? ያዘነ አለ?» ይላሉ። ያዘነ ካለ፣ በቃ፣ ያለ ሞንታርቦ ያለ ከበሮ ነው። እኛ ስናጉረመርም መልሳቸው አንድ ነበር፦

«ዝቅ አርጉት ልጆቼ። እግዜርም ቅርብ ነው፣ ጎረቤትም ቅርብ ነው።»

መሪጌታ ይቺን ሲሰሙ ሳቁ። «ይታይሽ፣ ሳትማሪ ተቀኘሽ» አሏቸው። «ሰሙ ሞንታርቦው ነው። ወርቁን ወደፊት እናየዋለን።»

ያየነው ከተማው ውስጥ ተኩስ የተነሳ እሁድ ነው። አምልኮ መሃል ነበርን። ቆርቆሮ ጥይት አይመልስም፣ ልጆቹ ደግሞ ኋላ ክፍል ናቸው። ወላጁ ሁሉ ወደ በሩ ሲጋፋ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፣ «በመንገድ አትውጡ፣ መሬት ተቀመጡ» እያሉ። በዚህ መሃል ከጓሮ ቆርቆሮ ሲገነጠል ሰማን። ደነገጥን። መሪጌታ ናቸው፣ መዶሻ ይዘው አጥሩን እያፈረሱ።

«ልጆቹን በዚህ አሳልፉልኝ። የኔ ቤት ድንጋይ ነው።»

መጀመሪያ ልጆቹ፣ ከዚያ እኛ፣ በዚያች ቀዳዳ ሾልከን ተኩሱ እስኪበርድ ከቅኔ ተማሪዎቻቸው ጋር ተጠጋግተን ተቀመጥን። እማማ የገቡት መጨረሻ ላይ ነው። መሪጌታ አዩዋቸውና «ወርቁ ይኸው» አሉ። አንድም ልጅ አልተጎዳብንም፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

አጥሩ ተመልሶ አልተመታም። ቀዳዳዋ ማጠፊያ ተገጠመላትና በር ሆነች።

እኔ በሥራ ሞጣ ከመጣሁ ወዲህ እዚህ ካሉ ጥቂት ምእመናን ጋር የምናመልከው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ከመጀመራችን በፊት «ሀጂ፣ ዛሬ ሰፈሩ እንዴት አደረ?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን እኔ ከዘገየሁ እሳቸው መጥተው «ዛሬ ደህና ነው፣ ዘምሩ» ይላሉ። ይሄን ለእማማ በስልክ ስነግራቸው ስቀው ስቀው አላቆም ብለው ነበር።

ከሰዓት ወንድሜ መልሶ ደወለ። መሪጌታ የልጃቸው ሰርግ ደርሶ ድንኳን አስተክለው፣ የሰፈሩ ወጣትም ጭፈራ ጀምሮ ነበር። ዛሬ በዚያች በር መጡና ሽማግሌዎቻችንን «ዛሬ ሰፈሩ እንዴት አደረ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም አለቀሰ። መሪጌታም ወደሚጨፍሩት ወጣቶች ዞረው «ከበሮውን አስቀምጡ። ሰርጉ እሁድ ነው፣ እስከዚያ ድንኳኑ የይታይሽ ነው» አሉ። የሰርጉን ድንኳን ነቅለው እኛ ደጅ ተከሉት።

ወንድሜ ሲያወራኝ ከኋላው መዝሙር ይሰማል። ዝቅ ብሎ።

እማማ፣ መንገዱ ከተከፈተ ለእሁድ ቢቸና እገባለሁ። ቀብርዎ ላይ ባልደርስ እንኳ ለመሪጌታ ልጅ እልል እላለሁ፤ ያኔ ቦታው ነውና አይቆጡኝም።

ጠዋት «ማን ቤት አረፉ?» ማለቴ አሁን ሲገባኝ ስህተት አልነበረም። የት እንዳረፉ አውቃለሁ፣ ሩቅም እንዳልሆነ ነግረውናል። ይረፉ እማማ፣ ሰፈሩን እኛ እንጠይቃለን።