እግራችንን የሣሉት ጋሽ ይስማው

ለምታውቋቸው ሁሉ፤ ኮሚክ የምንለውን ባለሥዕል ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን የሣሉት ጋሽ ይስማው ባለፈው ሰኞ እንጅባራ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ቀብራቸውም በማግስቱ ተፈጽሟል። እኔ ተማሪያቸው ነኝ፤ እሳቸው የሣሉትን ቀለም እቀባ ነበር።

አዲስ አበባ ሳሉ ሥዕላቸው ፊት በፊት ነበር። እዚያ ያሠራቸው የነበረው አሳታሚ ትእዛዝ ምንጊዜም አንድ ነው፤ የጀግናው ዓይን ይጉላ፣ ጥርሱ ይንጣ። በስተርጅና ጥለውት መጡና እኛ ዘንድ፣ የሠርግ ጥሪና የቀን መቁጠሪያ በምታትመው ትንሽ ማተሚያ ቤት ገቡ። የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲያመጡ ባለቤቱ አቶ ደሴ ወረቀቱን ላይ ታች አገላበጡት። ታሪኩ በሙሉ ከጉልበት በታች ነው! ቦቲ ጫማ፣ የፈረስ ኮቴ፣ ጭቃ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የታሉ?»

«እኒህ ምንድን ናቸው ታዲያ? ፈረስ ከሩቅ ሲመጣ በፊቱ ነው የምታውቀው? በአረማመዱ ነው እንጂ!»

በፈረሰኛነቱ የሚታወቀው የአገው ልጅ ሆኖ ይህን የሚከራከር የለም፤ አቶ ደሴም ሊያትሙት ተስማሙ።

ለእኔ ግን ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝና ተከተልኋቸው። መናኸሪያው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያላወቃቸው ሁሉ «ምን ጠፋዎት፣ አባባ?» እያለ አብሮ ያጎነብሳል። አንድ የባጃጅ ሹፌርማ ሞተሩን አጥፍቶ ብዙ ከፈለገ በኋላ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምንፈልገው?» አላቸው።

«ምንም» አሉት እርሳሳቸውን አንሥተው። «ይልቅ ወዲያ ወዲህ በልልኝ። ቀስ ብለህ ሂድ፤ ገና አልያዝሁህም!»

መጽሐፉ ግን አልሸጥ አለ። ዳንግላ የላክነው እንዳለ ተመለሰ። አቶ ደሴም «ወይ ፊት ይሣሉ፣ ወይ ይብቃን» አሉ። እኔ ፈራሁ፤ በዚያ ዕድሜያቸው የሚቀበላቸው ሌላ ቤት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንዲት የአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ነጋዴ መጽሐፉን ይዘው መጡ። ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው ያለበትን ገጽ ገልጠው «ይህ ባሌ ነው» አሉ። ባላቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጋሽ ይስማው ሰውየውን በስም እንኳ አያውቋቸውም፤ መናኸሪያው ላይ ሲያልፉ ነው ያዩዋቸው።

«ፊቱስ ፎቶው ላይ አለልኝ» አሉ ሴትዮዋ። «አካሄዱን ግን ረስቼው ነበር።»

ጋሽ ይስማው ዋናውን ሥዕል አውጥተው ሰጧቸው። አቶ ደሴም ከዚያ ወዲያ የፊት ነገር አላነሱም።

በቀብሩ ዕለት አንገቴን ደፍቼ ስሄድ፣ ቀና ሳልል ማን ማን እንደመጣ ዐወቅሁ። እያለቀስሁ ገረመኝ።

ጋሼ፣ የሁላችንን አረማመድ ሣሉ፤ የራስዎን ግን ብፈልግ የትም አጣሁት። ፊትዎስ ፎቶው ላይ አለ፤ አካሄድዎን እንዳልረሳው ነው የምፈራው። ከቀብር መልስ ያን ተረከዙ የተበላ ጫማዎን ፊቴ አስቀምጬ ለመሣል ሞከርሁ። ጫማው መጣልኝ፤ እርስዎ አልመጡም። ነገም እሞክራለሁ። እስከዚያው ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ጋሼ፤ ገና አልያዝሁዎትም።