አባቴን ያሰገደ ፊልም

ልጅ እያለሁ ከአካላቴ ሁሉ ፈጥኖ የሚሠራው አፌ ነበር። ዛሬ ጥርሱ አልቆ እንኳ ሥራውን አልተወም፤ ያን ጊዜ ግን ሰው አስገረፈ።

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ሰፍሮ መንገዱን በሚያስቆፍርበት ዘመን ነው። አንድ ቀን «የሚንቀሳቀስ ሥዕል ታያላችሁ» ተብሎ ተለፈፈና ከየመንደሩ ተጠርተን ጥጥ ወደሚከማችበት መጋዘን ገባን። ቀትር ነው። በሩን ዘጉት፣ መስኮቱን በጆንያ ከደኑት። የቀወት ቆላ ፀሐይ ከላይ ቆርቆሮውን ታበስላለች፣ ከታች እኛ እንበስላለን፤ የፍሬ ጥጥ፣ የላብና የራስ ቅቤ ሽታ አንድ ላይ ተቦክቷል። አባቴ «የነሱን ጥላ ከማይ የራሴን በሬ ባይ ይሻለኛል» ብለው እርሻ ቀርተዋል። እኔ ሾልኬ ከሁሉ ፊት መሬት ላይ ጉብ አልሁ።

ነጩ አንሶላ ላይ መጀመሪያ የመጣው የጣቢያችን ጣልያን ሹም ነው። እኛ የምናውቀው ሹም ድንጋይ ካልቀረበለት በቅሎ ላይ የማይወጣ አጭር ሰው ነበር። አንሶላው ላይ ግን ከእግሩ ሥር ሆነው ወደ ላይ ስላነሡት ግራሩን በአናቱ የሚነካ ግዙፍ ሆኗል። ሕፃን አቅፎ ይስቃል፤ ጥርሱ ያበራል። የእኛን ሰው ሲያሳዩ ደግሞ ከሰገነት ወደ ታች ነው፤ ዝንብ የወረረው ዓይን፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ አቧራ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ነገሩን። እኔ ጅሉ ለሹሙ አጨበጨብሁለት! ይህን ለልጆቼም አልነገርሁ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዝቅ ብሎ ሰገደ። ወዲያው ሹሙ ከላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀለት። አስተርጓሚው «ይህ ገበሬ ለመንግሥት ሲገባ ነው» አለ። ፊቱ ስለማይታይ ማንም አላወቀውም። እኔ ግን ኩታው ላይ እናቴ በጥቁር ክር የጠቀመቻትን ቀዳዳ አየኋትና ብድግ ብዬ «አባዬ! የኔ አባዬ ናቸው!» ብዬ ጮህሁ። በኩራት ነው እኮ!

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከኋላ አንዱ «አሃ! ያ ለቅሶ ቤት ሲፎክር የነበረው? ወገቡ እንዴት ቀለለ ጃል!» አለ። ሌላው ሳቀ። ያደረግሁት የገባኝ ያኔ ነው። የእናቴ ወንድም ጣርማ በር ገደል ውስጥ ከአርበኞች ጋር ነበር፤ እነሱ ዘንድ «ለጣልያን ገባ» የተባለ ሰው ቤቱ እንደሚቃጠል እኔም አውቃለሁ።

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን የጨው ነጋዴው ጋሽ ሰይድ ተነሣ። «ወላሂ ውሸት ነው! ኩታውን እዩት እንጂ! ለሹም የሚቆም ሰው ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ይሄ ሰው መስቀለኛ ነው ያጣፋው፤ ቤተስኪያን እየተሳለመ ነው! እኔ እስላሙ የማውቀውን እናንተ ረሳችሁት?»

እውነቱን ነበር። በማርያም ዕለት ጣልያኖቹ ሦስት እግር ያለውን የሥዕል ማንሻ ሣጥን ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲልከሰከሱ አይተናቸዋል። አባቴ የሰገዱበትን ደጀ ሰላም ቆርጠው ጥለው በምትኩ ሹሙን ቀጠሉበት። እመቤቴን አንሥተው ያንን! ይህን ስጽፍ ብዕሬ ወረቀቱን ቀደደው፤ እርጅና ነው የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

ሰዉ «እውነት ነው፣ መስቀለኛ ነው!» እያለ ተንጫጫ። የአባቴ ስም ተረፈ። ጋሽ ሰይድን ግን የሹሙ ሰዎች ጎትተው አውጥተው ደጁ ላይ ገረፉት።

አባቴ ወሬውን እንደሰሙ ከእርሻ በቀጥታ ወደ እሱ ቤት ሄዱ፤ እኔም ጭራዬን ቆልፌ ተከተልሁ። ጋሽ ሰይድ በሆዱ ተኝቷል። አባቴ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሰይድ፣ ለኔ ብለህ?»

«ላንተ ማን ብሎ! ለኩታው ነው» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ቁስሉን ነክቶት «ወይኔ!» አለ።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። «ፊቴን አሳዩ?»

«የለም አባዬ፣ ጀርባዎን ብቻ።»

«ተመስገን» አሉ።

ፊልሙ በማግስቱ በካሚዮን ተጭኖ ወደ ካራቆሬ ሄደ፤ ከዚያም ወዲያ፣ ባሕር ተሻገረ ይባላል። እዚያ ሰይድ የለም። የኩታን አለባበስ የሚያነብ የለም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፊልም ሲያዩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ክፉውን ሰው ገና ሳይናገር ያውቁታል፤ ጥላ ውስጥ ያቆሙታላ! «አባባ፣ ገዳዩ እሱ ነው» ይሉኛል። «ማን ነገራችሁ? ከጎኑ ምን ነበረ? ማን ቆረጠው?» እላለሁ። «ኧረ አባባ፣ እንይበት!» ብለው ይቆጡኛል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ እጠይቃለሁ።

አባቴ በሕይወታቸው ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም። እኔም ከሳቸው ዕድሜ አልፌ መልካቸው እየጠፋብኝ ነው። በምድር ላይ የቀረችው የአባቴ ሥዕል፣ ሮም ይሁን የት፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ለዚያ ሰውዬ የምትሰግደዋ ናት። ያቺን ውሸት እሳት ይብላት። ብቻ ሳያቃጥሏት በፊት፣ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ።