የኮምፒውተር ክፍሉን ያጠፉብን ሰሞን

ሚዛን ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ስመጣ የተረከብኩት ክፍል በቫይረስ የታመመ ነበር። ማሽኖቹ ላይ ያለው ሶፍትዌር ሁሉ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲገለበጥ የመጣ፣ የተሰረቀ ነው። ተማሪ ፍላሹን ሰክቶ ሲነቅል ሥራው ይጠፋና በቦታው የማይከፈት ነገር ተቀምጦ ያገኛል። ጸረ ቫይረስ እንዲገዛ ስጠይቅ በጀት የለም ይሉኛል።

ስለዚህ አንድ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔ የማሽኖቹን ሶፍትዌር አንድ በአንድ በነጻ ሶፍትዌር ተካሁት። ነጻ ማለት ዋጋ የለውም ማለት ብቻ አይደለም። ማንም ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያስተካክለው፣ ለጓደኛው ሊያካፍለው ይችላል። ተማሪዎቼን፣ "በስርቆት ላይ ሥራችሁን አትገንቡ፤ በፈቃድ የተሰጣችሁ እያለ" እላቸው ነበር። መጀመሪያ መልኩን አልለመድነውም ብለው አጉረመረሙ። ማሽኖቹ መንቀራፈፍ ሲተዉ ማጉረምረሙም ቀረ።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ ከገጠር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ለመመረቂያዋ የቤንችኛ ቃላትን በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ትሠራ ነበር። ቃላቱን ከእናቷና ከአክስቶቿ አፍ ነው የለቀመችው። ላፕቶፕ የላትም፤ ፍላሿም ከተበላሸ ሰንብቷል። ሥራዋ በሙሉ መስኮቱ ሥር ባለው ማሽን ላይ ነበር።

ከሴሚስተር ዕረፍት ስንመለስ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ማሽኖቹ ሁሉ ወደ ድሮው የተሰረቀ ሶፍትዌር ተመልሰዋል። የተማሪዎቹ ፋይሎች የሉም። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጥቂት ፈለገችና ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ የእኔ የት ሄደ?"

ቆይ አልኳትና የክፍሉን ሌላ ቁልፍ የያዘውን ኃላፊ ፍለጋ ወጣሁ። ሻይ ቤት አገኘሁት፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው።

"ሳትነግረኝ ፎርማት አደረግከው?" አልኩት።

"እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ ተባለ። የማያውቁትን ነገር ሲያዩ ምን ይላሉ? ኋላ ቀር መስለን እንታያለን።"

"የተማሪዎቹ ሥራስ?"

"ቅጂ መያዝ ነበረባቸው። አንቺ አይደለሽ አስተማሪያቸው? ምከሪያቸው እንጂ።"

ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ። በቀጥታ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄድኩ። ዲኑ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና ፈገግ አሉ።

"መምህርት፣ ይረጋጉ። ብረት ያነሳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሄደው ትንሽ ያንሱ፤ ይወጣልዎታል።"

ብረት እንደማነሳ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማነሳው አጠገባችን ባለችው አማን፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለ ጂም ነው። ዘንጉ የመኪና አክስል ነው፣ ክብደቱ ጣሳ ውስጥ የፈሰሰ ሲሚንቶ። እዚያ የምትመጣ ሴት ከእኔ ሌላ ስለሌለች ያየኝ ሁሉ መካሪዬ ነው። አንዱ ትከሻሽ ይሰፋል ይላል፤ ሌላው ማን ያገባሻል ይላል። የቡና ቅርፊት የጫነ መኪና ላይ ሆኖ የሚጮህብኝም አለ። ይህን ሁሉ ችዬው ኖሬያለሁ። የዲኑን ፈገግታ ግን ልችለው አልቻልኩም።

የሚያሳፍረኝ፣ ምክራቸውን ሰምቼ መሄዴ ነው። ሰውነቴን ሳላሟሙቅ ከልኬ በላይ ጭኜ ጎንበስ አልኩ። የጂሙ ባለቤት፣ ቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ ጎልማሳ፣ መጥቶ እግሩን ዘንጉ ላይ አደረገ።

"ልቀቂው፣ እህቴ። ወገብሽን ልትበጥሺ ነው። ምን ሆነሻል?"

ነገርኩት።

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ያናደደሽ ሰው ያለው እዚያ ነው" አለና ጣሳዎቹን አውልቆ ወደ ግድግዳው አንከባለላቸው።

በማግስቱ ልጅቷን ይዤ ዲኑ ቢሮ ተመለስኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። "ትናንት ብረት አንስቻለሁ፤ አልወጣልኝም" አልኳቸው። የጠፋ ፋይል ሌላ ካልተጻፈበት ሊገኝ ስለሚችል መስኮቱ ሥር ያለውን ማሽን ማንም እንዳይነካው፣ የልጅቷም የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምላት ጠየቅኩ። ዲኑ ልጅቷን ምን እንደሠራች ጠየቋት። መጀመሪያ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ለዝናብ የሚሆኑ የቤንችኛ ቃላትን መዘርዘር ጀመረች፤ አማርኛው "ዝናብ" ብሎ የሚያልፈውን በየዓይነቱ እየለየች አስረዳቻቸው። ከዲኑ ፊት ፈገግታው ጠፋ። ፈቀዱ።

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ነጻ ሶፍትዌር ፍላሽ ላይ ጭኜ ማሽኑን በእሱ አስነሳሁት። ቀኑን ሙሉ ፈለገ። ያገኘው ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ልጅቷ እየከፈተች "ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ አይደለም" ትላለች። ግማሽ ያህሉ ተገኘ። ሌላውን እናቷን በስልክ እየጠየቀች እንደገና ጻፈችው። አንዷ አክስቷ ግን በዚያ የሴሚስተር ዕረፍት ሞታለች። እሷ ብቻ የምታውቃቸው የቅጠልና የመድኃኒት ስሞች ከጠፋው ግማሽ ውስጥ ነበሩ።

ተመረቀች። ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ እንደ ወትሮው ሰላም ይለኛል። እንግዶቹ መጥተው ማሽኖቹን ከበር ላይ አይተው ሄዱ፤ አንዱንም አላስነሱም። ክፍሉ ዛሬም በተሰረቀው ሶፍትዌር ነው፤ ቫይረሱም ተመልሷል። እኔ ላፕቶፕ ላላቸው ተማሪዎች ነጻውን ሶፍትዌር በቢሮዬ እጭናለሁ፣ ለሌላቸው ሁለት ቦታ ቅጂ እንዲይዙ እመክራለሁ። ሰዎች አሁንም አልረሳሽውም ወይ ይሉኛል። አልረሳሁትም። የአክስትየዋን የቅጠል ስሞች የሚመልስልኝ ሰው ሲገኝ ያን ጊዜ እረሳለሁ።