አፍ የሚታይበት ስብሰባ

ሸሕዲ፣ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደ ሰኞ የምጠላው ቀን አልነበረም። ሰኞ ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት ጎንደር ካለው ቢሮው ሆኖ በላፕቶፕ ይሰበስበናል፤ እኛን ከሸሕዲ፣ የቅርንጫፉን ኃላፊ ደግሞ ከኮኪት። ድምፁ ደህና ነው። እሱም እኛን ጥርት አድርጎ ያየናል። የእሱ ምስል ግን ጉም ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ አፉ ከአፍንጫው አይለይም።

ለእኔ ይኼ ተራ ብስጭት ነበር። ለመጋዘን ኃላፊያችን ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከባለቤቱ አባት ዘመን ጀምሮ ከሰሊጥ ማበጠሪያው ማሽን ሥር ቆመው ያረጁ ሴት ናቸው፤ ጩኸቱ ጆሯቸውን ቀስ በቀስ ወስዶታል። የሰውን አፍ እያዩ ስለሚመልሱ ማንም አልጠረጠረም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔንም "ካወቁብኝ ያሰናብቱኛል" ብለው አስምለውኛል።

የዚያን ዓመት ሰሊጡ መግባት ሲጀምር ምስሉ ባሰበት። ባለቤቱ ስለ ዝናቡ ሲጠይቃቸው ስለ ጆንያ መለሱ። የኮኪቱ ኃላፊ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥያቄውን ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ እደግምላቸው ጀመር። ባለቤቱ አየኝና፣ "አንቺ ደግሞ ወዲያ ወዲያ ምን ያዞርሻል?" ብሎ ተቆጣ።

እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ኔትወርኩን ረገምሁ። ለአጨዳ ከደጋ የወረደው ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ፣ ስልኩን ይዞ ከተማውን ሲሞላው መስመሩ ተጨናነቀ ብዬ ሳሉጉን ወቀስሁ። የኢንተርኔቷን ዶንግል በረጅም ገመድ አስሬ፣ በተከመረው ጆንያ ላይ ወጥቼ ከቆርቆሮው ሥር ሰቀልኋት። በዚያ ሐሩር መስኮቱን ዘጋሁት፤ መልሼ ከፈትሁት። ጎንደር ያለው ባለሙያ በስልክ "አጥፍተሽ አብሪው" ይለኛል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው ነገር ያለም አይመስለኝ። እሳቸው ከታች ሆነው፣ "ውረጅ ልጄ፣ ትሰበሪያለሽ። የመጣው ይምጣ" ይሉኛል።

አልወርድም። በዚያ ቆላ ወባ በጣለኝ ጊዜ ራስጌዬ ቁጭ ብለው በማንኪያ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ሩቅ ነበረች፤ እናት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። እወዳቸው ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ምስሉን ከዚያ በኩል ልየው ብዬ፣ የሰሊጥ ናሙናውን ራሴ ይዤ ጎንደር ሄድሁ፤ ሌላ ጊዜ በአውቶቡስ ነበር የምንልከው። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ከባለቤቱ ጎን ተቀመጥሁ። ገና ጎልማሳ ነው፤ ከኃላፊያችን በቀር ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ናሙናውን ፈታና የሰሊጥ ሰው እንደሚያደርገው ፍሬውን በአውራ ጣቱ ጨፍልቆ ዘይቱን አሸተተ። ከዚያ በዚያው ጣት የላፕቶፑን ክዳን፣ ልክ ካሜራዋ ላይ ይዞ ቀና አደረገው። ካሜራዋ ቅባት ጠግባለች። ያን ሁሉ ሳምንት ጣሪያ ሥር ያንጠለጠለኝ ለካ እኛው ያበጠርነው ሰሊጥ ነው! እጁን መታ ላደርገው ቃጣኝ። "ጋሼ፣ አንዴ" አልሁና በሻሼ ጫፍ ወለወልኋት። እሱ ምን እንደማደርግም አልጠየቀኝ።

ሸሕዲ ብቻቸውን የተቀመጡት ኃላፊያችን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ፊታቸው ፈካ። የተጠየቁትን ሁሉ አንድ በአንድ መለሱ። እንባዬ መጣ።

ቀጥሎ ተራው የኮኪቱ ኃላፊ ሆነ። እሱ ሲናገር ጋሼ ማይኩን ዘጋና ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ "ዛሬስ ደህና መለሱ፤ ግን ደክመዋል። ሸሕዲ ላይ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ፤ በዚህ ወር እናሰናብታቸዋለን" አለኝ።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ነጠላቸውን የሚያስተካክለው የኃላፊያችን እጅ ቀጥ አለ።

"ልጄ" አሉ፣ የኮኪቱን ሰው አቋርጠው። "ልታሰናብተኝ ነው?"

ጋሼ ማይኩን አየ። ዝግ ነው። ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ከፈተው።

"ማን ነገረዎት?"

"አንተው ነሃ። አፍህን እያየሁ። ጆሮዬማ ከጠፋ ቆየ፤ ማበጠሪያው ወሰደው። ምስሉ ሲደበዝዝብኝ ነው የምትለው የጠፋኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዳታሰናብተኝ ብዬ ነዋ።"

ጋሼን አሳድጎ ያስተማረው የዚያው ማሽን ገቢ መሆኑን እኔም እሱም እናውቃለን። ጋሼ ተነሥቶ ወንበሩን ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ አዞረ፤ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ።

"አሁን አፌ ይታይዎታል?" አለ በዝግታ።

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያው ስብሰባውን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።"

"እኔ እኮ ሪፖርቴን ልጨርስ ጥቂት ነበር የቀረኝ" አለ የኮኪቱ ኃላፊ፣ ቅር እያለው።

"ድገመው" አለው ጋሼ፤ "ፊትህን ወደ ካሜራው አድርገህ።"