«ወጣ» ያልኩበት እሑድ

ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በዚያ እሑድ፣ እዚህ ስዊድን በዩልስታው ቤት የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። የቤቱ ባለቤት ጋሽ መኮንን፤ ሚስታቸው እትዬ አስካለ፤ ኩባ ያደገው ደረጀ፤ ስለ ጨዋታው ምንም ሳያውቅ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ተፈራ፤ እና እኔ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከጋሽ መኮንን ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር። ባልና ሚስቱ ዐርፈዋል። ተፈራ ከዚህ አገር ከሄደ ቆየ። ደረጀ እዚሁ ከተማ፣ ፋርስታ አለ። ስድስተኛ ሰው ብዬ የምቆጥራት አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ግን የመጣችው በስልክ ነው፣ ሁለት ደቂቃም አልቆየች።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ በቅርቡ የተደወለልኝ ስልክ ነው። ልጄ ናቲ የአሜሪካኖችን ቤዝቦል፣ በዱላ የሚመታውን ኳስ፣ ይወዳል። በጥቅምት፣ ውድድሩ ወደ ማለቂያው ደርሶ የተሸነፈው ቡድን የሚሰናበትበት ጨዋታ ሲጀመር፣ ከጓደኞቹ ጋር ቬሊንግቢ በሚባለው ሰፈር ይሰበሰባል። እኔ ወፍራም ጃኬት ልበስ፣ ስልክህን ቻርጅ አድርግ፣ ስትደርስ ጻፍልኝ እላለሁ። እሱ «ያ፣ ማማ» ብሎ በስዊድንኛ መልሶልኝ ይሄዳል። በዚያ ቀን እሱ እንደሄደ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ናቲስ?» አለችኝ።

«ወጥቷል።»

«ውይ በሞትኩት! ቤት ለቆ ወጣ? ምን አጣላችሁ?»

«ኧረ ኳስ ሊያይ ነው!» ብዬ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቁ ከፊቴ ጠፋ። ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው እሳት ላይ እየፈላ ነበር፣ እሱንም የሰማሁት ገንፍሎ ምድጃውን ካጠፋው በኋላ ነው።

ጋሽ መኮንን በጎረምሳነታቸው አስመራ፣ በአሜሪካኖች ካምፕ ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ቤዝቦልን ያወቁት እዚያ ነው። ደረጀ ደግሞ አባቱ በጦርነት የሞተበት ልጅ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ ከብዙ መሰሎቹ ጋር በመርከብ ወደ ኩባ ተላከና እዚያ ተማረ፣ እዚያ ኳስ መታ። ሲሄድ ትቷት የሄደው አንዲት እህት ነበረችው፤ ብርቱካን ትባላለች፣ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ። ከዚያ ወዲህ አላያትም። ካርቱም ታየች የሚል ወሬ ከሰማ ጀምሮ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሁሉ የጋሽ መኮንንን ስልክ ቁጥር በወረቀት እየጻፈ ይሰጥ ነበር። የራሱ ስልክ አልነበረውም።

ጨዋታው እዚህ ሌሊት ላይ ስለሚውል፣ የሚያዩት በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሲደገም ነበር፤ በረንዳው ላይ በተተከለው ዲሽ። ስለዚህ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። ውጤቱን ቀድሞ የሰማ ሰው ደጃፉን አይረግጥም። ስልክ ሲጮህም የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም የሳሎኑ በር ተዘግቶ። «አንቺ ቢነግሩሽም አይገባሽም፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር ጋሽ መኮንን።

በቃልም ይጣሉ ነበር። መቺው ሲባረር ጋሽ መኮንን እንደ አሜሪካኖቹ «አውት!» ይላሉ፣ ደረጀ እንደ ኩባዎቹ «ፖንቼ!» ይላል፤ አንዱ የሌላውን ቃል በአፉ አያስገባም። እትዬ አስካለ ሰለቻቸውና «በቤቴ በአማርኛ ተጣሉ!» ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ የተባረረው «ወጣ»፣ ማረፊያዎቹን ዞሮ የደረሰው «ገባ» ሆነ። ሁለቱም እሺ አሉ፣ ማንም አላሸነፈማ።

በዚያ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ከሜትሮው ማቆሚያ እስከ ቤት ባለው መንገድ የበርች ዛፍ ቅጠል ረግፎ፣ ጫማ ላይ እየተለጠፈ ቤት ድረስ ይገባል። እትዬ አስካለ ሽምብራ ቆልተው፣ ሄል ከገባበት የስዊድን ዳቦ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። የሕንፃው ሰው ሁሉ በተራ የሚጠቀምበትን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለዚያ ሰዓት ይዤ ስለነበር፣ ዘንቢሌን እስካሰናዳ ድረስ ጨዋታቸውን እሰማለሁ።

«አንተ የኩባ ሸንኮራ ልጅ፣ ይህ ወርዋሪ ዛሬ ያስለቅስሃል!» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ይህን ጨዋታ ያዩት በወጥ ቤት መስኮት ነው» አላቸው ደረጀ። «ሽንኩርቱ ነው ያስለቀስዎት።»

ተፈራ ሽምብራውን እየዘገነ፣ «ይሄ እኮ የኛው የገና ጨዋታ ነው! ፈረንጅ ሰርቆን ነው» አለ።

ይህን ሲሉ አንዱ ሯጭ ወርዋሪው ሳያየው ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሮጠ። ደረጀ ብድግ ብሎ «ሰረቀ! ሰረቀ!» እያለ አጨበጨበ።

«በሰንበት ሲሰርቅ ያጨበጭቡለታል!» አሉ እትዬ አስካለ፣ አማትበው።

ስቄ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ማሽኑ እስኪጨርስ ቆይቼ ስመለስ፣ ዘንቢሉን ገና ሳላስቀምጥ ኮሪደሩ ላይ ስልኩ ጮኸ። እርጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አነሳሁት። የሴት ድምፅ ነው፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ የራቀ።

«ደረጀ አለ ወይ?»

እኔ ያሰብኩት ውጤት ሊነግር የደወለ ሰው አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ደስም አለኝ። ደረጀ በጨዋታው መሐል አንዳንዴ ሲጋራ ሊያጨስ ወደ ደጅ ይወርዳል። መኖሩን ስላላወቅኩ የስልኩን እጀታ በእጄ ሸፍኜ፣ በሩን ሳልከፍት፣ «ደረጀ አለ?» ብዬ ጮህኩ።

«ወጣ! ወጣ!» አሉኝ ከውስጥ።

«ወጥቷል» አልኳት።

 «ወጣ?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«አዎ፣ ወጥቷል።»

«ካገኘሽው ብርቱካን ደውላ ነበር በይው። ነገ ከካርቱም ይዘውን ይሄዳሉ...» አለች፤ ወዴት እንደሆነ ሳትናገር መስመሩ ተቋረጠ።

በሩን ከፈትኩት። ደረጀ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሟል፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አሁንም «ወጣ! ጋሼ፣ ወጣ!» እያለ። ከሰማኋቸው ድምፆች አንዱ የራሱ ነበር።

ነገርኩት። ስሟን ስጠራ ክንዱ ወረደ። ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ጨርሶ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፤ የተቋረጠውን መስመር ረጅም ድምፅ ብቻ ነው የሰማው።

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ልጠራህ ስል ተቋረጠ» አልኩት።

ይህን ነው የዋሸሁት። ካርቱም ማለቷን ነገርኩት፣ ነገ መሄዷን ነገርኩት። «ወጥቷል» ማለቴን ብቻ ዋጥኩት። ፈራሁ። ሰው ሁሉ ይመለከተኝ ነበር፣ እትዬ አስካለ ደረታቸውን ይዘው፣ ጋሽ መኮንን ቴሌቪዥኑን አጥፍተው። ያን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እነሱም የጠየቁ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት እሑዶች ደረጀ ይመጣል፣ ሳሎን ግን አይገባም። ወንበር ወስዶ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል። ጋሽ መኮንን ሊያጫውቱት «ና እንጂ የሸንኮራው፣ ብቻዬን ማንን ልስደብ?» ይሉታል። «ትደውላለች፣ ጋሼ። እዚህ መሆኔን አውቃለች» ይላቸዋል። ይህን ሲል የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። አልደወለችም። በረዶ ሲጥል መምጣቱን ተወ።

ጥፋቴን አውቀው ነበር፣ ትንሽ አድርጌ ግን ነው የማውቀው። ለካ ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው። እኔ ደጅ ወጥቷል ማለቴ ነው። እሷ ግን ቤቱን ለቆ ወጥቷል፣ ምናልባትም ከአገሩ ወጥቷል ብላ ሰምታ ይሆናል። ሰው ለቆ ወጣ ወደተባለበት ቤት ማን ደግሞ ይደውላል? ይህ የገባኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ድንች እየላጥኩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ፋርስታ ሄድኩ። ደረጀ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ብዙ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ወገቡ ተጎድቷል። ከገበያ ማዕከሉ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ዓይኑን ሳላይ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ተቀይማኝ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ትቻት ስለሄድኩ። እዚያ እንዳለሁ እያወቀች ዳግም ያልደወለችው ለዚያ ነው ብዬ ነበር፣ ይህን ሁሉ ዘመን።» ከዚያ ተነሥቶ፣ ሳይጨብጠኝ፣ ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ ሄደ። አልተከተልኩትም። ማታ ግን በስልክ ጻፈልኝ፦ «ለሰው ንገሪልኝ» የሚል ብቻ።

እኔ እናት ነኝ፤ ልጄ መልእክት ሳይጽፍልኝ አንድ ሰዓት ካለፈ እግሬ ቤት ውስጥ አይቆምም። የሰውን ሠላሳ ዓመት ግን በአንድ ቃል በላሁ። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ሁለቱንም ነው፤ አንዷን አላገኘኋትም።

ብርቱካን አሁን ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋታል። አባቷ ወታደር ነበር፣ ወንድሟ ደረጀ ኩባ የተማረ ነው፣ እሷም በወጣትነቷ ካርቱም ነበረች። ያለችበትን የሚያውቅ፣ ወይም ስለ እሷ የሰማ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩን።