ሁለቱ ብረት ከየት መጣ

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከክፍል ጓደኞቼ በአምስት ዓመት እበልጥ ነበር። ስምንተኛን ከጨረስኩ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት ዜማ ቤት ነው። በአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመው ሲከፈቱ፣ ገነተ ማርያም የሚቀድሱት አባቴ ራሳቸው፣ "ድቁናህን ሳትተው ይሄንንም ሞክረው" አሉኝ። ላሊበላ ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፣ ዩኒፎርም አሰፋሁ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። የክፍሉ ልጆች "ዲያቆን" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስሜ ይሄው ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሌላው ትምህርት በግድም ቢሆን ይገፋል። ኬሚስትሪ ግን ከበደኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ለኔ ድምፅ ብቻ ነው። መምህርታችን ከእኔ ብዙም የማይበልጡ፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። መጽሐፉ ለሁላችን ስለማይደርስ አሥራ አራት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተው ፎቶ ኮፒ ቤት አስጽፈው አደሉን። ግማሹ ገጽ ስለ ኬሚካል እኩልዮሽ ነበር፤ በቀስት ግራና ቀኝ የተሰለፉ ፊደሎችና ቁጥሮች።

እኔ የማውቀው የመማር መንገድ አንድ ነው። ዜማ ቤት መጀመሪያ ቃሉን ትይዛለህ፣ ትርጉሙ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ማስታወሻውን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ በቃሌ ያዝኩት። ጠዋት ውሃ ስቀዳ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ገበያ ስሄድ እለዋለሁ። ሦስት ሳምንት አልፈጀብኝም። አንድም ቃል ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ይሄ ግን አላሳሰበኝም።

ወር በገባ በሃያ አንድ ለማርያም በዓል ገነተ ማርያም ወርጄ እቀድሳለሁ። በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት፣ መምህርታችን ክፍል ገብተው ማስታወሻው ላይ የጽሕፈት ስሕተት እንዳለ ተናገሩ። ብረት ሲዝግ የሚለው እኩልዮሽ ላይ ሁለት መሆን የነበረበት ቁጥር ሦስት ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ተማሪ በእስክሪብቶ አረመ። ለኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ፈተናው ላይ አምስት እኩልዮሽ አመጣጥኑ የሚል ነበር። ግራውን ሳየው ቀኙ ከአፌ ይመጣል፤ ጻፍኩ። እንዲያውም አንዱን ስጨርስ እጄ አልቆም ብሎ ያልተጠየቀውን ቀጣዩንም ጽፌዋለሁ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት መምህርቷ ወረቀቱን ሲያድሉ የኔን አልሰጡኝም። ደወል ሲደወል ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይዘውኝ ሄዱ። ርእሰ መምህሩ ጎልማሳ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። መምህርቷ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ያልታረመውን ማስታወሻ ጠረጴዛ ሥር አድርጎ ገልብጧል" አሉ። "ስሕተቱ እንኳን እንዳለ ነው። ያልተጠየቀውንም አብሮ ገልብጦታል።"

"አልገለበጥኩም" አልኩ።

"ታዲያ ይቺን ሦስት ከየት አመጣሃት?"

"ወረቀቱ ላይ አለች።"

ራሴን በራሴ የከሰስኩ መሆኔን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ነገ አባትህን ይዘህ ና" አሉኝ።

ወደ ገነተ ማርያም በእግሬ ወረድኩ። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የዚያን ቀን ግን ከዚያም ረዘመብኝ። በቃሌ መያዜን ጨምሮ ነገሩን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነስተን ሽቅብ ጀመርን። እሳቸው ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው፣ "ገልብጠሃል?" አሉኝ። "የለም አባዬ" አልኩ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አምነውኝ ይሁን አይሁን ከጀርባቸው ማወቅ አልቻልኩም።

ቢሮ ስንገባ ርእሰ መምህሩም መምህርቷም ተነስተው መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን። እንደተሳለሙ ወዲያው ክስ መጀመር ከብዷቸው ነበር መሰለኝ። አባቴ ራሳቸው ጀመሩ።

"እኔ ልጄ አይዋሽም ብዬ አልምልም" አሉ። "ግን በቃሉ ነው የያዝኩት ካለ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚደረገው።"

መምህርቷ ማስታወሻውን ከቦርሳቸው አወጡ። "እሺ፣ ከገጽ አንድ ጀምር" አሉኝ።

ጀመርኩ። የፈራሁ ቢሆንም አንደበቴ መንገዱን ያውቃል። እንግሊዝኛውን በዜማ ቤት አወራረድ አወረድኩት፤ ርእሱን፣ ነጥቡን፣ ሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ፣ የገጹን ቁጥር ሳይቀር። መምህርቷ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመና ቀና ብለው አዩኝ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ዝገቱ ጋ ስደርስ ያቺን ሦስት በዜማዋ አልኳት። አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እየሳቁ ነበር።

"ይበቃል" አሉ። "ይበቃል፣ ይቅርታ። አልገለበጠም።"

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጨብጠውት እንደነበር ያየሁት ሲለቁት ነው።

መምህርቷ ግን አልጨረሱም። "አልሰረቅክም" አሉኝ። "አታውቀውም ግን። እስቲ ተመልከት፣ በግራ ስንት ብረት አለ?"

በወረቀቱ ጀርባ ጻፉልኝ፦ 4Fe + 3O₂ → 3Fe₂O₃።

"ይሄ Fe ብረት ነው፣ ይሄ O ኦክስጅን። በግራ አራት ብረት አስገባህ። በቀኝ ሦስት ዝገት ወጣ፤ እያንዳንዱ ዝገት ውስጥ ሁለት ሁለት ብረት አለ። ስንት ሆነ?"

"ስድስት።"

"አራት አስገብተህ ስድስት አወጣህ። ሁለቱ ብረት ከየት መጣ?"

ያን ያህል ጊዜ ስለው ኖሬ ብረት መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባቴ በጣም እየተከታተሉ ነበር። "እኔም ልጠይቅ የኔ ልጅ?" አሉ መምህርቷን። "ከሥር ያለችውን ትንሿን ቁጥር ቀንሶ ማስተካከል አይቻልም?"

"አይቻልም አባታችን። እሷ ከተነካች ዝገት መሆኑ ይቀራል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ውሃን ይመልከቱት። ውስጡ አንድ ኦክስጅን አለ። እዚያው ውስጥ አንድ ቢጨመርበት ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣው መድኃኒት ነው የሚሆነው። አይጠጣም። እኛ መለወጥ የምንችለው ከፊት ያለውን፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ብቻ ነው።"

አባቴ ወደኔ ዞሩ። "አሥራ ሁለት ጊዜ እግዚኦ በሉ ስንባል ቃሉ ውስጥ ገብተን ፊደል እንጨምራለን?"

"አንጨምርም።"

"ምን እናደርጋለን?"

"ቃሉን እንዳለ አሥራ ሁለት ጊዜ እንላለን።"

"እንግዲህ እሱን ነው የሚሉህ።"

መምህርቷ እስክሪብቶውን ሰጡኝ። ሦስቷን ሰርዤ ሁለት ጻፍኩና መቁጠር ጀመርኩ። ብረት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አራት። በግራም አራት። ኦክስጅን፣ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ ስድስት። በግራም ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ስድስት። ሌላ ጠይቀውኝ ሳይሆን በራሴ የሚቀጥለውን ቆጠርኩ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን። ለወራት ስለው የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ እየተከፈተ፣ ይሄ ውሃ፣ ይሄ ጋዝ፣ ይሄ ጨው ይለኝ ጀመር። ሰዎቹ መኖራቸውን ረስቼ ነበር። ርእሰ መምህሩ ናቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው የመለሱኝ።

ፈተናውን በሚቀጥለው ሳምንት እንድደግመው ተወሰነ። "ከማስታወሻው አንድም አላወጣም" አሉኝ መምህርቷ በሩ ላይ። ማስፈራራታቸው ነበር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

ከአባቴ ጋር ገበያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ሁለታችንም ከትናንት ጀምሮ በቅጡ አልበላንም ነበር። እጃቸውን እየታጠቡ፣ "ገልብጠህ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምልህ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት" አሉኝ።

"ምን ሊሉኝ ነበር?"

"አላገኘሁትም" አሉና እንጀራውን ቆረሱ።

የድጋሚው ፈተና የመጨረሻ ጥያቄ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነበር፤ የምግብ ማብሰያ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ሲቃጠል። ከአፌ የሚመጣ ነገር የለም። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን ካርቦኑን ቆጠርኩ፣ ሃይድሮጅኑን ቆጠርኩ፣ ኦክስጅኑን ለመጨረሻ አቆየሁት። በግራ አሥር ወጣ፣ በቀኝም አሥር ወጣ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥር ነው።

ወረቀቴን ሳስረክብ መምህርቷ ዓይናቸውን በፍጥነት ወደ መጨረሻው ጥያቄ ወረወሩና፣ "ሂድ እረፍ" አሉኝ። ወጥቼ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። በአፌ የምለው ምንም አልነበረም። የክፍሌ ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ አጠገቤ ሲቀመጡና ስለ ጥያቄዎቹ ሲከራከሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወሩት ነገር ገባኝ፤ እኔም ገብቼ ተከራከርኩ።