ወደ ገረሴ የወጣው ነጭ ጋዝ

እኔና ሾፌሩ ከአርባ ምንጭ የተነሣነው ማለዳ ነው። ጉዳያችን አንድ ጀሪካን ነጭ ጋዝ ገረሴ ማድረስ ነበር። የገረሴ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ በነጭ ጋዝ ይሠራል፤ ጋዙ ካለቀ ክትባቱ ይበላሻል። በአጎራባች ቀበሌዎች ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል። ጦርነቱ የአሰብን መንገድ ካወከ ወዲህ ቦቴ እንደ ልብ ስለማይመጣ ከተማው ውስጥ ጋዝ ጠፍቷል። ይህችንም ለሱቃቸው ካስቀመጧት ላይ የሰጡን ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ ናቸው። "የሕፃን ነገር ከሆነ እኔ በጨለማ እቀመጣለሁ" አሉኝ።

በጫሞ ዳር

ሐይቁን በግራ ይዘን ወደ ደቡብ ነዳን። አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ስበው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"ዛሬ አትወጡም?" አልኩ።

"ሲስተር፣ ዓሣውን የሚጭን መኪና የለም። ለአሞራ እናጥምድ?" አለኝ አንዱ።

ዳገቱ ላይ

ገረሴ ሳንደርስ ናፍጣችን አለቀ። ሾፌሩ ጋሽ ማዳ ወርደው ጀሪካኑን አዩት።

"ይህን ብንጨምርላት መኪናዋ ትወጣ ነበር" አሉ።

"ማቀዝቀዣውስ?"

ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ደረሱብን። ጋሽ ማዳ በጋሞኛ ነገሯቸው። ሁለቱ ጀሪካኑን በቀርከሃ አንጠልጥለው ተሸከሙ፤ ሲደክማቸው ሌሎቹ ተቀበሏቸው። በጭጋጉ ውስጥ፣ በእንሰቱ መሐል ስንወጣ ያስፈራኝ መዘግየታችን ነበር።

ገረሴ

የጤና ረዳቱን ጦናን ሰላም እንኳ ሳልለው "ተበላሸ?" አልኩት።

"ይግቡና ይዩት" አለኝ።

ከማቀዝቀዣው ሥር ሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ሰዉ ከየኩራዙ በጠርሙስ እየቀዳ ነው ያቆየው። አንዲት ምእመን፣ እማማ ዳልቤ፣ "ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ማሾው አይበራም። ጋዙ ለልጆቹ ይሁን ብለን አመጣነው" አሉኝ። ምሽቱን ቆጮና ጎመን የበላነው በምድጃው ብርሃን ነው።

በማግስቱ እናቶች ከየሸንተረሩ ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። ስከትብ ዋልኩ።

መልስ

ቁልቁለቱን በእግራችን ወርደን፣ ከታች በወታደር መኪና ተሳፍረን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገባን። ቀድሞ የአገር ደኅንነት ጠረፍ ላይ በቆመ ወታደር ብቻ የሚጠበቅ ይመስለኝ ነበር። የቀይ ባሕሩ መንገድ ሲዘጋ ገረሴ ላይ ያለ ሕፃን ለሞት እንደሚጋለጥ ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

መኪናችን ዳገቱ ላይ ቀረች። ቦቴ እስኪገባ ድረስ ገበሬዎቹ ተራ ገብተው ጠበቋት። ጋሽ ማዳ ሊያመጧት ሲሄዱ አንድ ብሎን አልጎደለባትም።